የሳር ማጨጃ ማሽን ለጅማ ግቢ፦ ከግዢ እስከ በጋ ማስቀመጫ

ጅማ ላይ የሳር ማጨጃ የገዛ ሰው ታሪክ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ግንቦት ላይ ይገዛል፤ ክረምቱን ሙሉ እርጥብ ሳር ያጭድበታል፤ ጥቅምት ላይ ከነቤንዚኑና ከነጭቃው ሰርቪስ ቤት ጥግ ያቆመዋል፤ መጋቢት ላይ ዝናቡ ሲመለስ ገመዱን ቢስብ፣ ቢስብ አይነሳም። "ድሮም ዕቃው ደካማ ነው" ይባልና ሌላ ይገዛል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሞተሩ ደህና ነው። ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን ደርቋል፣ ከሆዱ ስር ሳር በስብሷል፣ ስለቱ ደንዟል። ሦስቱንም ቤት ውስጥ መከላከል ይቻላል።

ደረጃዎቹ በቅደም ተከተል ነው የተጻፉት። ማሽን ያላችሁ ከደረጃ 4 ጀምሩ። የቆመ ማሽን ይዛችሁ የተቸገራችሁ ቀጥታ ወደ ደረጃ 9 ሂዱ።

ደረጃ 1፦ ሳሩን ለኩ

ሻጭ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ "ግቢው ስንት ካሬ ነው?" ብሎ ነው። ከግቢው ይልቅ የሚያስፈልጋችሁ የሳሩ ልክ ነው። 200 ካሬ ቦታ ላይ ዋናው ቤት፣ ሰርቪስ ቤቱ፣ ማድ ቤቱና የመኪና መግቢያው ሲወጡለት የሚቀረው ሳር 60 ወይም 70 ካሬ ቢሆን ነው። ርዝመቱንና ወርዱን በሜትር ለክታችሁ አባዙ፤ ቡናው፣ አቮካዶውና እንሰቱ የያዙትን ቦታ ቀንሱ።

ከልኩ ጋር ሦስት ነገር ጻፉ፦

1. ግቢው ተዳፋት ነው ወይስ ሜዳ? ወደ ጅረን ሽቅብ ያለ ግቢና ወደ ቦዬ ረግረግ የተጠጋ ግቢ አንድ ዓይነት ማሽን አይፈልጉም።
2. ውሃ የሚቋጥር ቦታ አለ? እዚያ ላይ ከባድ ማሽን ጎማው ይሰምጣል።
3. ሳሩ ምንድን ነው? ሰርዶ ቀጭንና ዝቅ ያለ ነው፤ አጠር አድርጎ ማጨድ ይቻላል። ኪኩዩ ግን እንደ ፍራሽ እየተደራረበ ይወፍራል፤ ደካማ ሞተር ያንቃል።

ደረጃ 2፦ ዓይነቱን ምረጡ

ሳሩ ከ50 ካሬ በታች ከሆነ ማሽን አትግዙ። ጥሩ የተሳለ ማጭድና የሳር መቀስ ይበቃል። ገንዘቡ ቢኖራችሁ እንኳ የምትጨምሩት የጥገና ጣጣ ብቻ ነው።

በእጅ የሚገፋ ባለ ከበሮ ማጨጃ። ሞተር የለውም፤ ስለቶቹ ከበሮ ላይ ተጠምዝዘው ሲዞሩ ሳሩን ከታች ካለ ብረት ጋር እየቆነጠሩ ይቆርጣሉ። እስከ 150 ካሬ ለሚደርስ ሜዳ ለሆነ የሰርዶ ግቢ ከሁሉም የሚሻለው ይህ ነው፤ ነዳጅ የለ፣ ካንዴላ የለ። ሁኔታው ግን ጥብቅ ነው፤ ሳሩ ከአንድ መዳፍ በላይ ካደገ አይቆርጠውም፣ ያስተኛዋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በየሳምንቱ ለመግፋት ፈቃደኛ ካልሆናችሁ አትግዙት።

በገመድ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማጨጃ። ቀላልና ጸጥተኛ ነው። ችግሩ ከእኛ ክረምት ጋር አለመስማማቱ ነው። እርጥብ ሳር ላይ የኤሌክትሪክ ገመድ መጎተት አይፈቀድም፤ ጅማ ደግሞ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። የመብራት መቆራረጡን ጨምሩበት። በበጋ ውሃ እያጠጣችሁ ሳር የምታቆዩ ካልሆነ በስተቀር አልመክረውም። ከገዛችሁ የማራዘሚያ ገመዱ ባለ 1.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ ርዝመቱም ከ25 ሜትር ያልበለጠ ይሁን፤ ቀጭን ገመድ ይሞቃል፣ ሞተሩንም ያዳክማል። መስመሩ ላይ 30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ መከላከያ ብሬከር አስገጥሙ።

የባትሪ ማጨጃ። ጥሩ ዕቃ ነው፣ አንድ ሙሌት በአማካይ ወደ ግማሽ ሰዓት ያሠራል። የባትሪውን ምትክ የት እንደምታገኙ ሳታረጋግጡ ግን ገንዘብ አታውጡ፤ ባትሪው ሲሞት ማሽኑም አብሮ ይሞታል። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ከሆነ ቻርጀሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። "100-240" ካለ ችግር የለም። "120" ብቻ ካለ የእኛ 220 ቮልት ወዲያው ያቃጥለዋል፤ ስፒናውን በመቀየር የሚፈታ ነገር አይደለም።

የቤንዚን ማጨጃ። ከ150 ካሬ በላይ ለሆነ፣ ወይም ኪኩዩ ለበዛበት፣ ወይም በየሳምንቱ ለማይታጨድ ግቢ ትክክለኛው ምርጫ ይህ ነው። ቀጣዮቹ ደረጃዎች በአብዛኛው ስለ እሱ ናቸው። ሲገዙ የሚታዩት፦

- ሞተሩ ፎር ስትሮክ፣ ከ140 እስከ 190 ሲሲ ይሁን። ጅማ ከባህር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች አየሩ ይሳሳል። ሞተር በየ300 ሜትሩ ከኃይሉ ወደ 3.5 በመቶ ያጣል፤ ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ኃይል ወደ አንድ አምስተኛው እዚህ የለም ብላችሁ አስቡ። ለሜዳ ሰርዶ 140 ሲሲ ይበቃል፤ ለኪኩዩ ወደ ላይኛው ተጠጉ።
- የመቁረጫው ወርድ 46 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይበቃል። ሰፊው ፍጥነት ይጨምራል ብላችሁ 53 አትግዙ፤ በአጥርና በዛፍ መሃል አይዞርም።
- ሳሩን በጎን የሚተፋ ይሁን። ከረጢት ያለው ለዓይን ያምራል፤ በእርጥብ ሳር ግን መተላለፊያው በየአምስት ደቂቃው ይደፈናል።
- የኋላ ጎማዎቹ ትልልቅ፣ ኩሽኔታ ያላቸው ይሁኑ። ፕላስቲክ በብረት ላይ የሚዞር ጎማ ቀይ አፈር ሲገባበት በአንድ ክረምት ይላላል።
- ተዳፋት ግቢ ካላችሁ ራሱ የሚሄደውን ምረጡ። ሜዳ ከሆነ ተራው ይሻላል፤ የሚበላሽ ቺንጋ የለውም።

በእጅ ተይዞ በናይለን ክር የሚቆርጠው ማጨጃ የዚህ ምትክ አይደለም። ለቦይ ዳርና ለአጥር ስር ጥሩ ነው፤ ሙሉ ግቢ በሱ ያጨደ ሰው ግን ሳሩ አንድ ቦታ ተላጭቶ ሌላ ቦታ ጎፍሮ ያገኘዋል።

ነዳጁንም ከመግዛታችሁ በፊት አስቡ። ቤንዚን በጀሪካን መቅዳት ገደብ ያለበት ነገር ስለሆነ በአቅራቢያችሁ ያለው ማደያ ምን ፈቃድ እንደሚጠይቅ አስቀድማችሁ እወቁ።

ደረጃ 3፦ ሱቅ ውስጥ የሚደረግ ፍተሻ

ከዋጋ በፊት ስለ መለዋወጫ ጠይቁ። የዚህ ማሽን ስለት፣ የአየር ማጣሪያና የመነሻ ገመድ ጅማ ውስጥ ይገኛል? ካልተገኘ ከአዲስ አበባ ይመጣል? ሻጩ "ምንም አይሆንም፣ አይበላሽም" ካለ መልሱ "የለም" ማለት ነው። በብዛት የሚሸጥ ተራ ሞዴል፣ መለዋወጫ ከሌለው ውድ ሞዴል ይሻላችኋል። አብዛኞቹ ርካሽ ማሽኖች የታወቁትን የሆንዳ ወይም የብሪግስ ኤንድ ስትራተን ሞተሮች አሠራር የተከተሉ ስለሆኑ ካንዴላና ማጣሪያ የሚጋሯቸው አሉ፤ ሻጩን ይህንኑ ጠይቁት።

ከዚያ፦

1. የሞተሩን ጎን ንኩ። ሞቆ ከሆነ እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት አስነስተውታል። እስኪቀዘቅዝ ጠብቃችሁ ራሳችሁ አስነሱት።
2. የቁመት ማስተካከያውን ከላይ እስከ ታች አንቀሳቅሱ። እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ የማይል ከሆነ ለክረምት አይሆንም።
3. ያገለገለ ማሽን ከሆነ የካንዴላውን ገመድ ነቅላችሁ ስለቱን በእንጨት ቀስ ብላችሁ አዙሩ። የሁለቱ ጫፎች ከሽፋኑ ያላቸው ርቀትና ከፍታ እኩል መሆን አለበት። አንዱ ጫፍ ከፍ ብሎ ሌላው ዝቅ ካለ ወይ ስለቱ ወይ ዋናው ዘንግ ጎብጧል። ዘንግ ከሆነ ትታችሁት ውጡ፤ የሚጠገንበት ዋጋ ከማሽኑ ይበልጣል።
4. አስር ደቂቃ ይሥራ። ሲነሳ ትንሽ ጭሶ የሚጠራ ችግር የለውም። ከሞቀ በኋላም ሰማያዊ የሚያጨስ ዘይት ይበላል።

መመሪያ መጽሐፉን ተቀበሉ። በኋላ የዘይቱን መጠን የምታገኙት እዚያ ነው።

ደረጃ 4፦ አዲስ ማሽን ሲነሳ

ማስጠንቀቂያ፦ አብዛኛው አዲስ ማሽን ያለ ሞተር ዘይት ነው የሚሸጠው። ዘይት ሳይገባበት የተነሳ ሞተር ብዙም ሳይቆይ ይነክሳል፤ ጥገናውም ከአዲስ ሞተር ዋጋ ይቀራረባል። ሻጩ "ተሞልቷል" ቢልም መለኪያውን አውጥታችሁ እዩ።

1. ማሽኑን ሜዳ ላይ አቁሙ።
2. ኤስኤኢ 30 ወይም 10ደብሊው-30 ዘይት ጨምሩ። አብዛኞቹ ከ0.5 እስከ 0.6 ሊትር ይይዛሉ። ሊትሩን በሙሉ አትገልብጡ፤ ቀስ እያላችሁ በመለኪያው እያያችሁ ሙሉ። ከላይኛው ምልክት ካለፈ አውጡለት፤ የበዛ ዘይት ማጣሪያውን ያርሳል፣ ያጨሳል።
3. ንጹህ ቤንዚን ጨምሩ። ዘይት አትቀላቅሉበት፤ ቅልቅል የሚፈልገው ቱ ስትሮክ የሆነው የክር ማጨጃ ነው። መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን ከተጠቀማችሁ አስቀድማችሁ ግልጽ በሆነ ጠርሙስ አሳድሩት። ውሃ ካለበት ከስር ተለይቶ ይታያል፤ የላይኛውን ብቻ ቅዱ። ይህ ውሃን እንጂ የተቀላቀለ ነጭ ጋዝን አያሳይም፤ ማደያ ካገኛችሁ ከማደያ ቅዱ።
4. ጎማ ነገር ያለው መግፊያ ካለ ሦስት ጊዜ ተጫኑ፤ ቾክ (የአየር መዝጊያ) ካለው ዝጉ።
5. እጀታው ላይ ያለውን ማቆሚያ ብረት ጨብጡ፤ ገመዱን እስኪጠነክር ቀስ ብላችሁ ስባችሁ ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ሳቡ። ከተነሳ በኋላ ገመዱን አትልቀቁት፤ ይዛችሁ መልሱት።
6. ሞተሩ ሲረጋ ቾኩን ክፈቱ።

ከመጀመሪያዎቹ 5 የሥራ ሰዓታት በኋላ ዘይቱን ለውጡ። አዲስ ሞተር የሚፍቀው የብረት ብናኝ እዚያ ውስጥ ነው።

ደረጃ 5፦ ከማጨድ በፊት

ሰዓት ምረጡ። ክረምት ላይ የጠዋቱ ጤዛ እስኪተን ጠብቁ፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ያለው፣ የከሰዓቱ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት፣ ጥሩው ጊዜ ነው። ሳሩን በእጃችሁ ጨብጡት፤ እጃችሁ ከረጠበ ቆዩ።

ግቢውን ተዘዋወሩ። ድንጋይ፣ አጥንት፣ ቆርኪ፣ የልብስ ማስጫ ሽቦ፣ የወደቀ አቮካዶ ከነፍሬው፣ የልጆች መጫወቻ ሁሉ ይነሳ። የስለቱ ጫፍ በጣም ይፈጥናል፤ የመታውን ምስማር እንደ ጥይት ይወረውራል። ከመሬት ብቅ ያለ የቡና ጉቶ ካለ ወይ ንቀሉት ወይ ዙሪያውን በኖራ ምልክት አድርጉበት።

ልጆችና ዶሮዎች ከግቢው ይውጡ። ሙሉ ጫማ ልበሱ። ሸበጥ አድርጎ የሚያጭድ ሰው አይታችሁ ከሆነ እናንተ እንዳትሞክሩት። የዓይን መነጽርም አድርጉ።

ዘይት እዩ፣ ቤንዚን እዩ። ቤንዚን የሚጨመረው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ነው፤ በመሃል ካለቀ ቢያንስ 15 ደቂቃ ጠብቁ። የጋለ ማርሚታ ላይ የፈሰሰ ቤንዚን ይያያዛል።

ደረጃ 6፦ አጨዳው

ዋናው ሕግ አንድ ነው፦ በአንድ ጊዜ ከሳሩ ቁመት ከአንድ ሦስተኛ በላይ አትቁረጡ። ሰርዶን ከ3 እስከ 4፣ ኪኩዩን ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ላይ አቆዩ። ቁመቱን የምትለኩት ከሜዳ ሲሚንቶ ላይ እስከ ስለቱ ጫፍ ነው፣ ማሽኑ ጠፍቶ፣ ካንዴላው ተነቅሎ።

ሳሩ ጉልበት ደርሶ ከሆነ በአንድ ቀን ልጨርስ አትበሉ። መጀመሪያ በማጭድ ወይም በክር ማጨጃ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር አውርዱት፤ ቀጥሎ ማሽኑን በከፍተኛው ቁመት አሳልፉ፤ ከአራት ወይም ከአምስት ቀን በኋላ ዝቅ አድርጉ። በአንድ ጊዜ የተላጨ ሳር ቢጫ ይሆናል፣ ባዶ በቀረው ቦታም አረም ይገባበታል።

ተዳፋት ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ሳይሆን አግድም ሂዱ፤ ብታዳልጡ ማሽኑ እናንተ ላይ አይወርድም። ወደ ኋላ እየጎተቱ ማጨድ እግር የሚያስቆርጥ ልማድ ነው፤ ካስፈለገ አጥፍታችሁ ሳቡ። ለመቆም የሚያስቸግር ገደል ላይ ማሽን አታውጡ፤ እዚያ ማጭድ ይሠራል።

ዝናብ ሳይቋረጥ ሳምንት ካለፈና እርጥቡን ማጨድ ግድ ከሆነ ቁመቱን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉ፣ ግማሽ ወርድ ብቻ እየያዛችሁ ቀስ ብላችሁ ሂዱ፣ የሞተሩ ድምፅ ሲወርድ ቆም በሉ። ሽፋኑ ከተደፈነ ሞተሩን አጥፉ፣ የካንዴላውን ገመድ ንቀሉ፣ በእንጨት ጥረጉ። እጅ አይገባም። ጠፍቶም ቢሆን የተደፈነው ሲለቅ ስለቱ ሊዞር ይችላል።

የታጨደውን ለጎረቤት ላም መስጠት የተለመደ ነው። በዚያው ቀን ትኩሱን ስጡ፤ ተከምሮ የሞቀውን፣ ወይም ቤንዚን የነካውን፣ ወይም የአረም መድኃኒት የተረጨበትን አትስጡ።

ደረጃ 7፦ ካጨዳችሁ በኋላ ማጽዳት

በዚህ ደረጃ ነው ሰው የሚሰንፈው። የሳር ጭማቂ ከቀይ አፈር ጋር ተጣብቆ ሲያድር እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ከስሩ ቆርቆሮው ይዝጋል፣ ሳሩም አየር አጥቶ በደንብ አይወጣም።

1. ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። የካንዴላውን ገመድ ነቅላችሁ ወደ ጎን አስሩት።
2. የቤንዚን መዝጊያ ካለ ዝጉ።
3. ማሽኑን አዘንብሉ፤ ካርቡሬተሩና የአየር ማጣሪያው ሁልጊዜ ወደ ላይ ይሁኑ። በተሳሳተ ጎን ካዘነበላችሁ ዘይት ወደ ማጣሪያውና ወደ ሲሊንደሩ ይፈሳል፤ ማሽኑም ወይ አይነሳም ወይ ነጭ ጭስ ይተፋል።
4. በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ፍቁት፣ ከዚያ በጨርቅ አድርቁት። የውሃ ጎማ ሞተሩ ላይ አትልቀቁ፤ ውሃ ማጣሪያውና ካንዴላው ውስጥ ይገባል።
5. የደረቀውን ብረት በትንሽ ዘይት በራሰ ጨርቅ ጥረጉ።

በስህተት ጎን አዘንብላችሁ ዘይት ከገባ፦ ካንዴላውን ፍቱ፣ ቀዳዳው ላይ ጨርቅ አድርጋችሁ ገመዱን ጥቂት ጊዜ ሳቡ፤ ዘይቱ ይወጣል። ካንዴላውን አጽዱ፣ ማጣሪያውን እዩ፣ ዘይት ሙሉና አስነሱ። ለጥቂት ደቂቃ ያጨሳል፤ ከዚያ ይጠራል።

ደረጃ 8፦ ስለት፣ ዘይት፣ ማጣሪያ

ስለቱ ደንዝዞ እንደሆነ የሚነግራችሁ ሳሩ ነው። ባጨዳችሁ ማግስት ጫፎቹ ተሸንትረው ቡናማ ከሆኑ ስለቱ እየቆረጠ ሳይሆን እየበጨቀ ነው። ክረምት ላይ በወር አንድ ጊዜ መሳል ለጅማ ግቢ ተገቢ ነው።

1. የካንዴላውን ገመድ ንቀሉ። ይህን ሳታደርጉ ስለት አትንኩ።
2. ወፍራም ጓንት አድርጉ። በስለቱና በሽፋኑ መሃል እንጨት አስገብታችሁ እንዳይዞር ያዙት።
3. ወደ መሬት የሚያየውን ጎን በቀለም ምልክት አድርጉበት።
4. የመሃሉን ብሎን ፍቱ። እምቢ ካለ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ አሳድሩት፤ በመዶሻ አትደብድቡት።
5. ስለቱን በመርሳ ይዛችሁ በሞረድ ሳሉ። የነበረውን ማዘንበል፣ ወደ 30 ዲግሪ ገደማ፣ ተከተሉ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ሁለቱን ጫፍ በእኩል ቁጥር ግፉ። እንደ ምላጭ አታቅጥኑት፤ መጀመሪያ ባገኘው ጠጠር ይሸረፋል። በግራይንደር ከሆነ አጭር አጭር እየነካችሁ በውሃ አቀዝቅዙት፤ ብረቱ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ጠፍቷል።
6. ግድግዳ ላይ የተመታ ምስማር ላይ በመሃል ቀዳዳው ስቀሉት። አንዱ ጎን ከወረደ የወረደውን ጎን ጨምራችሁ ሞርዱ፣ እስኪመዛዘን ድረስ። ያልተመዛዘነ ስለት ማሽኑን ያንቀጠቅጣል፣ ብሎኖችን ያላላል፣ ዘንጉን ይበላል።
7. ምልክት ያለበትን ጎን ወደ መሬት አድርጋችሁ መልሱት፤ ወደ ላይ የታጠፉት ክንፎች ወደ ሽፋኑ ያያሉ። በደንብ አጥብቁ።

የተሰነጠቀ ወይም ክንፉ የሳሳ ስለት ይጣል። ብየዳ ቤት ወስዳችሁ አታስበይዱት፣ ከመኪና ባሌስትራ የተቆረጠ ስለትም አታስገጥሙ። ሥራው ላይ ቢሰበር የሚሄድበትን ማንም አያውቅም።

ዘይት በየ25 እስከ 50 የሥራ ሰዓት፣ ወይም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይለወጣል። ሞተሩ ሞቅ ብሎ ሳለ አፍስሱት፣ ቆሻሻው አብሮ ይወጣል። ዘይቱ ወተት መስሎ ከታየ ውሃ ገብቶበታል፤ ወዲያው ለውጡ። ያረጀውን ወደ ቦይ አትድፉ፤ የከተማው ቦይ መጨረሻው አዌቱ ወንዝ ነው። በዕቃ አድርጋችሁ ለጋራዥ ስጡ።

የአየር ማጣሪያው ስፖንጅ ከሆነ በሳሙና አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ጥቂት የሞተር ዘይት አርሳችሁ ጨምቃችሁ መልሱ። ወረቀት ከሆነ አይታጠብም፤ በቀስታ አራግፉት፣ ከጠቆረ ለውጡት። ካንዴላውን በሽቦ ብሩሽ አጽዱ፤ ክፍተቱ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። ማጣሪያው ንጹህ ሆኖም ካንዴላው ሁልጊዜ ጥላሸት ከለበሰ፣ ሞተሩም ከከበደው፣ ከፍታው ሊሆን ይችላል። አምራቾች ከ1,500 ሜትር በላይ ለሚሠራ ሞተር አነስ ያለ የካርቡሬተር ጀት (ቤንዚኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው ትንሽ ብሎን) እንዲገባ ይመክራሉ። ሥራው የባለሙያ ነው። ይህን ያሠራችሁበትን ማሽን ወደ ቆላ ወስዳችሁ አታሠሩበት፤ እዚያ ከመጠን በላይ ይግላል።

ደረጃ 9፦ አልነሳ ሲል፣ በቅደም ተከተል

ከቀላሉ ጀምሩ። ካርቡሬተር መፍታት የመጀመሪያ ሥራ አይደለም።

1. ማቆሚያው ብረት ተጨብጧል? የቤንዚን መዝጊያው ተከፍቷል? የካንዴላው ገመድ ተመልሷል?
2. ቤንዚኑ ከአንድ ወር በላይ ቆይቷል? አፍስሱት፣ አዲስ ጨምሩ። ሽታው ከተለወጠ አትጠራጠሩ።
3. ማጣሪያውን አውጥታችሁ ሞክሩ። ከተነሳ የተደፈነው እሱ ነው። ያለ ማጣሪያ ግን አትሥሩ፣ ለሙከራ ብቻ ነው።
4. ካንዴላውን ፍቱ። እርጥብ ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል፤ አድርቁት፣ ቾኩን ክፍት አድርጋችሁ ደጋግማችሁ ሳቡና መልሱት። ፍጹም ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰውም፤ ወደ 5 እለፉ። እርጥብም ሆኖ እሳት ካልሰጠ ካንዴላ ለውጡ፣ ውድ ዕቃ አይደለም።
5. የካርቡሬተሩን ሳህን አውጡ። ከስሩ ያለው አንድ ብሎን፣ ብዙ ጊዜ 10 ቁጥር ነው። ቤንዚኑን አስቀድማችሁ ዝጉ ወይም ጎማውን ቆንጥጡ፤ ከስር ዕቃ አስቀምጡ። ሥራው ከቤት ውጭ፣ ከሰልና ሲጋራ በሌለበት ይሁን። ሳህኑ ውስጥ ውሃ፣ ዝገት ወይም ማር የመሰለ ነገር ካለ አጽዱ። የጀቱን ቀዳዳ ከኤሌክትሪክ ገመድ በተመዘዘ አንድ ቀጭን የመዳብ ክር ክፈቱ፤ መርፌ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ ከዚያ ማሽኑ አይስተካከልም። ጎርኒሲዮኑን እንዳትበጥሱ።

ተነስቶ ከደቂቃዎች በኋላ የሚጠፋ ከሆነ የቤንዚኑን ክዳን አላልታችሁ ሞክሩ። ከሠራ የክዳኑ የአየር ቀዳዳ ተደፍኗል፤ በሳሙና እጠቡት።

ድንጋይ ወይም ጉቶ ከመታ በኋላ እምቢ ካለ፣ ወይም ገመዱ እጃችሁን እየነጠቀ የሚመልስ ከሆነ፣ የፍላይዊሉ (ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው ከባድ ክብ ብረት) ቻቬታ ተሸርፏል ማለት ነው። ትንሽ ቁራጭ ብረት ናት፤ ዘንጉን ለማዳን ሆን ተብሎ ለስላሳ የተደረገች። ገመዱን እየሳባችሁ አትድከሙ፤ የሞተር ሳይክል ጋራዥ ያወጣታል። በብረት ቁራጭ ወይም በምስማር እንዳይተኩባችሁ ቆማችሁ እዩ።

በሥራ መሃል ድንገት መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲያው አጥፉ። ስለቱ ላልቷል ወይም ጎብጧል፤ "እስቲ ይቺን ልጨርስ" የለም።

ደረጃ 10፦ ኅዳር ላይ ማስቀመጥ

ሳሩ ማደግ ሲያቆምና ማሽኑ ከአንድ ወር በላይ ሊቆም ሲሆን ይህን አድርጉ፦

1. ጋኑን አራግፉ። የቀረውን ቤንዚን ከመድረቁ በፊት ሌላ ሞተር ላይ ተጠቀሙበት።
2. ማሽኑን ውጭ አስነሱና ቤንዚን አልቆበት እስኪጠፋ አቆዩት። ይህም ካርቡሬተሩን ያደርቃል። ዝግ ክፍል ውስጥ አታስነሱ፤ ጭሱ ይገድላል። የሳህኑ ብሎን ቀላል ከሆነ ከፍታችሁ የቀረውን ጠብታ አውጡ።
3. ዘይቱን አሁን ለውጡ እንጂ መጋቢት ላይ አይደለም። የቆሸሸ ዘይት አሲድ አለው፤ በጋውን ሙሉ ብረቱን ይበላል።
4. ካንዴላውን ፍታችሁ አንድ ማንኪያ ያህል ንጹህ ዘይት ጣል አድርጉ፣ ገመዱን ሁለት ጊዜ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፣ ካንዴላውን መልሱ።
5. ሽፋኑን ፍቃችሁ ዘይት ቀቡ፤ ጎማዎቹን ግራሶ አስነኩ።
6. እንጨት ላይ አቁሙት እንጂ በቀጥታ አፈር ላይ አይሁን። በላስቲክ አትጠቅልሉ፤ እርጥበት ያፍናል። ማዳበሪያ ጆንያ ወይም አሮጌ አንሶላ ይሻላል። ከጆንያ ስር አይጥ ጎጆ እንዳትሠራ በወር አንዴ ገልጣችሁ እዩ፤ የቤንዚን ጎማና የካንዴላ ገመድ ትቆረጥማለች።

የካቲት መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት፣ ስለቱን ሳሉ፣ ትኩስ ቤንዚን ጨምሩና አንድ ጊዜ አስነሱት። መለዋወጫ ካስፈለገ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጊዜ አላችሁ፤ ሚያዝያ ላይ ከጠየቃችሁ ግን ሳሩ አይጠብቃችሁም።